ስለ ሩሲያ ተዋጊ ጄቶች ሙከራ በስህተት የሚወራውና እውነታው

አንድ የሩሲያ ተዋጊ ጄት ሲጨስ ወይም ሲከሰከስ የሚያሳይ ምስል በወጣ ቁጥር ክርክሩ ይጦፋል። አንዱ «ብረት ብቻ ነው፣ አለቀለት» ይላል፤ ሌላው «ውሸት ነው፣ ዓለምን የሚያስንቅ አውሮፕላን ነው» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም የሙከራ ሥራ ምን እንደሆነ ይስታሉ። የሙከራ ናሙና የሚሠራው ጉድለቱ ወጣቱ የአየር ኃይል አብራሪ እጅ ከመግባቱ በፊት እንዲወጣ ነው። ከዚህ በታች በብዛት የሚሰሙትን ስህተቶች እያነሳን እናርማለን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«አንዴ ከበረረ አልቋል ማለት ነው»

ዛሬ ሱ-57 የሚባለው አውሮፕላን የመጀመሪያ ናሙና፣ ቲ-50-1፣ ጃንዋሪ 29 ቀን 2010 በሩሲያ ሩቅ ምሥራቅ ከምትገኘው ከኮምሶሞልስክ ተነሣ። አብራሪው ሰርጌይ ቦግዳን ሲሆን በረራው 47 ደቂቃ ፈጀ። በፋብሪካ መስመር የተሠራው የመጀመሪያ አውሮፕላን ለአየር ኃይሉ የተሰጠው ግን ዲሴምበር 2020 ነው። በመካከሉ አሥራ አንድ ዓመት ገደማ አለ፤ ሥራው ያለውም እዚያ ውስጥ ነው።

ከሚበሩት ናሙናዎች ጎን ለጎን ጨርሶ የማይበሩ አካላት ይሠራሉ። ከቲ-50 ቤተሰብ አንዱ፣ ቲ-50-0፣ የተሠራው እንዲሰበር ነው። እንዲህ ያለው አካል በብረት ማማ ውስጥ ይታሰራል፤ ክንፉና ጭራው ላይ በሃይድሮሊክ የሚሠሩ ጃኮች ይያያዛሉ፤ ጭነቱ ደረጃ በደረጃ ይጨመራል። በየቦታው የተለጠፉ ስስ የመለኪያ ሽቦዎች ብረቱ ምን ያህል እንደተሳበ ይናገራሉ። አውሮፕላኑ በበረራ ላይ ሊገጥመው ከሚችለው ከፍተኛ ጭነት አንድ ተኩል እጥፍ መሸከም አለበት። በአየር ላይ የሚፈቀደው ጂ (በምድር ስበት እጥፍ የሚለካው ጫና) በየጊዜው ከፍ የሚለው በምድር ላይ ያለው አካል ከቻለ በኋላ ነው። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ናሙና ለዓመታት በታጠረ ፍጥነትና በታጠረ ጭነት የሚበረው።

ሰው የማያየው ሌላው አድካሚ ሥራ የፍላተር ሙከራ ነው። ፍላተር ማለት ክንፍ ወይም ጭራ ከነፋሱ ጉልበት እየወሰደ ራሱን እያርገበገበ የሚሰበርበት ሁኔታ ነው፤ ከጀመረ በሰከንዶች ውስጥ ይጨርሳል። ስለዚህ አብራሪው ፍጥነቱን በትንሽ በትንሹ ይጨምራል፣ መሪውን አንድ ጊዜ መታ ያደርጋል፣ ምድር ላይ በቴሌሜትሪ (ከአውሮፕላኑ በሬዲዮ በሚላክ መረጃ) የሚከታተሉት መሐንዲሶች ንዝረቱ በምን ያህል ፍጥነት እንደሞተ ያያሉ። ቶሎ ከሞተ ወደሚቀጥለው ደረጃ ይታለፋል፤ ከዘገየ አውሮፕላኑ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በየከፍታው ይኸው ይደገማል። ክንፍ ሥር አዲስ ሚሳኤል ሲሰቀልም ክብደቱ ስለሚቀየር እንደገና ይጀመራል።

ከዚያ የቦታ ለውጥ አለ። የፋብሪካው ሙከራ በአብዛኛው ሞስኮ አጠገብ በዡኮቭስኪ፣ ግሮሞቭ የበረራ ምርምር ተቋም ባለበት ሜዳ ይካሄዳል፤ ማኮብኮቢያው ከአምስት ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፣ ይህም መነሣት ለሚሰርዝ ናሙና ትልቅ ዋስትና ነው። የመንግሥት ሙከራው ደግሞ በአሕቱቢንስክ በወታደሩ የራሱ አብራሪዎች ይመራል። ፋብሪካው «ይሠራል» ያለውን ወታደሩ «ለእኔ ሥራ ይሆናል ወይ?» ብሎ እንደገና ይጠይቃል። መሣሪያ መተኮስ፣ ራዳርና ሚሳኤል ማገናኘት፣ የጥገና ሰዓት መለካት የሚበዛው እዚህ ነው።

«አዲስ ናሙና ለሁለት ዓመት ካልታየ ፕሮጀክቱ ሞቷል»

ቲ-50-5 በኦክቶበር 2013 ሲበር ቲ-50-6 የተከተለው በኤፕሪል 2016 ነው። በዚያ ክፍተት ብዙዎች ፕሮጀክቱን ቀብረውት ነበር። የሆነው ሌላ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች አካል ላይ የጥንካሬ ችግር ታይቶ መጠገኛ ብረት ተጨምሮባቸው ነበር፣ ቲ-50-6 ግን ከነአካሉ በአዲስ መልክ ተሰልቶ የወጣ «ሁለተኛ ደረጃ» ነው። መጠገኛ የተለጠፈበት ናሙና ለሙከራ ይበቃል፤ በፋብሪካ መስመር ሊባዛ ግን አይገባም፣ ክብደት ይጨምራልና።

«በማክስ 2011 ሞተሩ ፈነዳ»

ኦገስት 21 ቀን 2011 ማክስ በተባለው የዡኮቭስኪ የአየር ትርዒት ላይ የቲ-50 ሁለተኛው ናሙና በሕዝብ ፊት ለመነሣት ሲንደረደር ከሞተሩ ኋላ ነበልባል ብልጭ አለ፤ አብራሪው ጉልበቱን ቀንሶ የማቆሚያ ፓራሹቶቹን ዘርግቶ ማኮብኮቢያው ላይ ቆመ። ፍንዳታ አልነበረም። ሩሲያውያን ፖምፓዥ የሚሉት የኮምፕረሰር (አየሩን የሚያምቀው የሞተሩ ክፍል) መታፈን ነው።

እንዴት እንደሚሆን ማወቅ ይጠቅማል። እያንዳንዱ የኮምፕረሰር ምላጭ እንደ ትንሽ ክንፍ ነው፤ አየሩ በተሳሳተ ማዕዘን ሲመታው መግፋቱን ያቆማል። ያን ጊዜ በማቃጠያው ክፍል የታመቀው አየር ወደፊት ይመለሳል፣ ከባድ ድምፅ ይሰማል፣ ግፊቱ ወርዶ ፍሰቱ ይስተካከላል፣ እንደገና ይታፈናል። ይህ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ነዳጁ ግን እየፈሰሰ ስለሆነ ለማቃጠል የሚበቃ አየር ሳያገኝ ያልፍና ከአፈሙዙ ውጭ ይነድዳል፤ በቪዲዮ የሚታየው ነበልባል ይህ ነው። እውነተኛው አደጋ ከነበልባሉ ይልቅ ውስጥ ያለው የተርባይን ሙቀት ነው። መፍትሔው ነዳጁን መቁረጥ፣ አየር ማስተንፈሻውን መክፈት፣ በአየር ላይ ከሆነ ሞተሩን እንደገና ማስነሣት ነው። መሬት ላይ ከሆነና አውሮፕላኑ ገና መቆም በሚችልበት ፍጥነት ላይ ካለ ደግሞ መቆም። አብራሪው ያደረገው ይህንኑ ነው።

መታፈን የሚመጣው ከተበላሸ ምላጭ ብቻ አይደለም። ሚሳኤል ሲተኮስ ትኩስ ጭሱ ወደ አየር ማስገቢያው ከገባ ሊያመጣው ይችላል፤ ለዚህ ነው በተኩሱ ቅጽበት የሞተሩ መቆጣጠሪያ ነዳጁን ለአፍታ የሚቀንሰው። ይህን አፍታ በትክክል ማግኘት በራሱ የብዙ በረራ ሙከራ ይጠይቃል።

«የተከሰከሰ አውሮፕላን መጥፎ አውሮፕላን ነው»

ይህን የሚያምን ሰው የሱ-27ን ታሪክ ማንበብ አለበት፤ ለእኛ ከሁሉም የበለጠ አስተማሪው እሱ ነው። የመጀመሪያው ናሙና፣ ቲ-10-1፣ ሜይ 20 ቀን 1977 በቭላዲሚር ኢሉሺን አብራሪነት በረረ። በ1978 ሁለተኛው ናሙና ወድቆ አብራሪው የቭጌኒ ሶሎቪዮቭ ሞተ። ስሌቱም አውሮፕላኑ ለአሜሪካው ኤፍ-15 እንደማይበቃ ያሳይ ጀመር። በዚያን ጊዜ ፋብሪካ ለምርት እየተዘጋጀ ነበር። የአውሮፕላኑ ሠሪ ሱኾይ ግን በሚኻይል ሲሞኖቭ መሪነት ንድፉን እንደ አዲስ ሠራው። ክብ የነበረው የክንፍ ጫፍ ተቆርጦ ሚሳኤል መስቀያ ሆነ፤ ከሞተሮቹ አናት ላይ የነበሩት ቋሚ ጭራዎች ወደ ውጭ ተወሰዱ፤ የአየር ፍሬኑ ከጎማ መዝጊያው ተነሥቶ ጀርባ ላይ ተቀመጠ፣ የድሮው የኋላውን ጭራ ያንቀጠቅጠው ነበርና፤ የፊት ጎማውም ወደ ኋላ ተገፋ፣ ከመሬት የሚያስፈነጥረው ጠጠር ወደ ሞተሩ እንዳይገባ። አዲሱ ቲ-10ኤስ ኤፕሪል 20 ቀን 1981 በረረ።

እሱም ቢሆን በሰላም አላለፈም። በዚያው ዓመት ዲሴምበር አሌክሳንደር ኮማሮቭ በአንዱ ናሙና ሕይወቱን አጣ። በ1980ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ ደግሞ ኒኮላይ ሳዶቭኒኮቭ ዝቅ ብሎ በከፍተኛ ፍጥነት ሲበር የክንፉ ፊት ለፊት ተንቀሳቃሽ ክፍል ተገንጥሎ የክንፉን ትልቅ ቁራጭ ይዞ ሄደ። ቁራጩ ጭራውንም መታው። ሳዶቭኒኮቭ ሊወጣ ሲችል አልወጣም፤ ከተለመደው በጣም በበለጠ ፍጥነት አሳረፈው። አውሮፕላኑ በመዳኑ መሐንዲሶቹ የተሰበረውን ብረት በእጃቸው ይዘው አዩት፤ ክፍሉ በሠሪዎቹ ስሌት ከተገመተው በላይ ጉልበት እንደሚጫነው ታወቀ፣ ስፋቱ ተቀነሰ፣ ክንፉም ተጠናከረ። ዛሬ የትኛውም የሱ-27 ቤተሰብ አውሮፕላን በዚያ ፍጥነት ሲያልፍ ለዚያ ቁራጭ ክንፍ ዕዳ አለበት።

ቅርብ ጊዜ ያለውም ይመሳሰላል። ኤፕሪል 26 ቀን 2009 የአዲሱ ሱ-35 ናሙና ከበረራ በፊት በሚደረገው የፈጣን ማንደርደር ሙከራ ላይ መቆም አቅቶት ከማኮብኮቢያው ጫፍ ወጥቶ ተቃጠለ፤ አብራሪው የቭጌኒ ፍሮሎቭ በተስፈንጣሪ ወንበር ወጥቶ ተረፈ። ጁን 2014 ቲ-50-5 ዡኮቭስኪ ካረፈ በኋላ ተቃጠለ፤ ተጠግኖ በ2015 እንደገና በረረ። ዲሴምበር 24 ቀን 2019 ደግሞ የመጀመሪያው የፋብሪካ ምርት ሱ-57 ከርክክብ በፊት በሚደረግ በረራ ላይ ወደቀ፣ አብራሪው ዳነ። የመጨረሻው ከሌሎቹ የሚለይ ነው፤ ይህ በናሙና ላይ የደረሰ አልነበረም፣ ደንበኛው ሊረከበው የነበረ ነው፤ ርክክቡንም በአንድ ዓመት አዘገየው። እንዲህ ያለው ከባድ ጉዳይ ነው፣ ማቃለል አይገባም። ለዚህ ነው አደጋ ሲሰማ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ናሙና ነው ወይስ ምርት?» የሚለው።

«ሱ-57 አዲሱ ሞተር ተገጥሞለታል» እና «የሱ-27ን አሮጌ ሞተር ነው የያዘው»

ሁለቱም ልክ አይደሉም። ሱ-57 ወደ አገልግሎት የገባው ኤኤል-41ኤፍ1 በተባለው ሞተር ነው። ዘሩ የሱ-27ቱ ኤኤል-31ኤፍ ነው፤ ግን ፊተኛው ማራገቢያ ሰፍቷል፣ መቆጣጠሪያው ዲጂታል ሆኗል። የኤኤል-31ኤፍ ግፊት 12 ሺህ 500 ኪሎ ሲሆን የሱ-35ቱ ሞተር 14 ሺህ 500፣ የሱ-57ቱ 15 ሺህ ገደማ ነው። «ኢዝዴልዬ 30» የተባለው ፍጹም አዲሱ ሞተር ዲሴምበር 5 ቀን 2017 በሁለተኛው ናሙና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ፤ 17 ደቂቃ ብቻ፣ ያውም በአንድ ጎን። በሌላው ጎን የታወቀው ሞተር ነበር። ልማዱ ይህ ነው፤ አዲሱ ቢጠፋ የድሮው ወደ ሜዳ ይመልሳል፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ማወዳደርም ይቻላል።

«ኮብራ የጦርነት ስልት ነው»

በ1989 ፓሪስ ላይ ቪክቶር ፑጋቾቭ ኮብራ በተባለው ትርዒት የሱ-27ን አፍንጫ ሽቅብ አቁሞ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ኋላ ሲያዘነብል ዓለም ተደመመ። ከዚያ በፊት በእንዲህ ያለ ትልቅ ማዕዘን አውሮፕላኑን የፈተነው ኢጎር ቮልክ ነው። የማዕዘን ገዳቢው ተዘግቶ፣ በመካከለኛ ፍጥነት ይገባበታል፤ ሲወጣ አውሮፕላኑ ፍጥነቱን አጥቷል፣ በውጊያ ላይ ይህ ለሁለተኛው ጠላት ስጦታ ነው። ለሙከራ ሰዎች ግን ትልቅ ዜና ነበረው፤ አየሩ እንዲህ ተዛብቶ ሲገባ ሞተሩ አልታፈነም፣ አውሮፕላኑም ሳይሽከረከር ራሱ አፍንጫውን መለሰ።

«ሱ-57 የሱ-47 ልጅ ነው»

ክንፉ ወደፊት የተቀሰረው ሱ-47 በሴፕቴምበር 1997 የበረረ አንድ የምርምር አውሮፕላን ነው። ሚግ 1.44ም እንዲሁ አንድ ብቻ ነው፣ በፌብሩዋሪ 2000 በረረ። ሱኾይ የአዲሱን ትውልድ ጨረታ ያሸነፈው በ2002 ነው፤ የሱ-57 አካል ከሁለቱም አልተቀዳም። ከሱ-47 የተወሰደው ስለ ኮምፖዚት (ከቃጫና ከሙጫ የሚሠራ) ቁሳቁስና በሆድ ውስጥ መሣሪያ ስለመያዝ የተገኘው ትምህርት ነው።

«ፎቶው ላይ ብሎን ይታያል፣ ስለዚህ ራዳር ያየዋል»

በ2024 በቻይና ዡሃይ ትርዒት ከታዩት አንዱ ቁጥር 054 ነበር፤ ቲ-50-4፣ በ2012 የበረረ ናሙና። የናሙና መሸፈኛ በተደጋጋሚ ስለሚፈታ በብሎን ይታሰራል፣ ሽፋን ቀለሙም ሙሉ አይደለም። ከእሱ ተነሥቶ ስለ ምርቱ መፍረድ በረቂቅ ደብዳቤ ስርዝ ድልዝ የጸሐፊውን የእጅ ጽሑፍ እንደመንቀፍ ነው።

«ቁጥሩ ሲበልጥ አዲስ ነው»

ሱ-35 የሚለው ስም ለሁለት አውሮፕላኖች ተሰጥቷል፤ አንዱ በ1988 የበረረው፣ ከፊት ትንንሽ ተጨማሪ ክንፍ ያለው ሱ-27ኤም፣ ሌላው ፌብሩዋሪ 19 ቀን 2008 የበረረውና ያ ክንፍ የሌለው ነው። ሱ-34 ደግሞ በ1990 የበረረ ቦምብ ጣይ ነው።

ይህ ለኛ ሰው ቅርብ ነው። የኢትዮጵያ አየር ኃይል ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሱ-27ን ይጠቀማል፣ በጃንዋሪ 2024ም ሱ-30ዎችን በይፋ ተረክቧል። ሱ-30 በሁለት ፋብሪካ፣ በኢርኩትስክና በኮምሶሞልስክ፣ የሚሠራ ስም ነው። የኢርኩትስኩ ሱ-30ኤምኬአይና ሱ-30ኤስኤም ከአብራሪው ጎን ትንሽ ክንፍና የሚታጠፍ የሞተር አፈሙዝ አላቸው፤ የኮምሶሞልስኩ ኤምኬ2 ሁለቱም የሉትም። ስለዚህ አንድ ሰው ስለ ሱ-30 አቅም ሲናገር ከቁጥሩ ኋላ የሚመጡትን ፊደላት ካልነገራችሁ፣ በመጀመሪያ ፎቶውን ጠይቁና ከአብራሪው ጎን ያቺ ትንሽ ክንፍ መኖሯን እዩ።