ሪፒተር ምንድን ነው? ከድሬዳዋ ሐረር በሬዲዮ ማውራት ለሚያምረው

ከዚራ ጥላ ሥር ሻይ ይዤ ተቀምጬ አንድ የሰፈር ልጅ ስልኩን አስጠጋልኝ። የሁለት ዎኪ ቶኪ ፎቶ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄኛው 5 ዋት ነው፣ ያኛው 10። ባለ 10ሩን ብገዛ ሐረር ካለው ጓደኛዬ ጋር አያገናኘኝም?»

«አያገናኝህም።»

«20 ዋት ቢሆንስ?»

«እሱም ያው ነው።»

«ኧረ አቦ!» አለኝ። ሟርተኛ ሳልመስለው አልቀረሁም።

ወደ ደቡብ በእጄ አሳየሁት። ተራራው እዚያው ፊት ለፊታችን ተገትሯል። ልጁ የሚያስፈልገው ዋት አይደለም፤ ተራራው ላይ የሚቆምለት ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው በሬዲዮ ቋንቋ ሪፒተር ይባላል።

ሪፒተር ከፍ ያለ ቦታ ላይ ተቀምጦ፣ በአንድ ፍሪኩዌንሲ የሰማውን በዚያችው ቅጽበት በሌላ ፍሪኩዌንሲ የሚናገር ሬዲዮ ነው። የድሮ አዋጅ ነጋሪ ነጋሪቱን ጎስሞ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይል ነበር። ይህ ማሽን ትእዛዙን ቃል በቃል ይፈጽማል። አይጨምርም፣ አይቀንስም። ማን ተናገረ ብሎም አይጠይቅም።

ለምን እንደሚያስፈልግ ድሬዳዋ ላይ ሆኖ ማስረዳት ቀላል ነው። ከተማችን 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ተኝታለች። ሐረር 1,900 ሜትር ትጠጋለች። መንገዱ ወደ 55 ኪሎ ሜትር ቢሆንም፣ በአየር ቢለካ 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ችግሩ ርቀቱ አይደለም። መሐላቸው የደንገጎ ተራራ አለ። ዎኪ ቶኪ የሚሠራባቸው ቪኤችኤፍና ዩኤችኤፍ የሚባሉት ሞገዶች እንደ ብርሃን ቀጥ ብለው መሄድ ይወዳሉ። ትንሽ ጎበጥ ማለት ይችላሉ፤ ከሕንፃ ከግድግዳም ይነጥራሉ። ተራራ መብሳት ግን አይችሉም።

አንዲት ስሌት ልንገራችሁ። የአንቴናህን ከፍታ በሜትር ውሰድ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጣ፣ በ4.12 አባዛው። የሚመጣው ቁጥር በኪሎ ሜትር የሬዲዮህ አድማስ ነው። ቆሞ ሬዲዮውን አፉ አጠገብ የያዘ ሰው አንቴናው 1.5 ሜትር ላይ ነው፤ አድማሱ 5 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሜዳ ላይ ሁለት እንደዚህ ያሉ ሰዎች 5 እና 5፣ ቢበዛ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይነጋገራሉ። ከድሬ ወደ ሽንሌ በኩል ሜዳ ስለሆነ ጣራ ላይ ከወጣህ ነገሩ ይሻልሃል። ከከተማዋ 800 ሜትር ከፍ ብሎ ተራራው አናት ላይ ለቆመ ሰው ግን ያችው ስሌት ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ትሰጣለች። በዚያችው ባለ 5 ዋት ሬዲዮ!

የዋትን ነገር ደግሞ ተመልከቱ። ከ5 ወደ 10 ዋት ስታድግ ተቀባዩ ጋ የሚደርሰው ጭማሪ 3 ዴሲቤል (የሲግናል ጥንካሬ ለውጥ የሚለካበት) ነው። በሲግናል መለኪያው ላይ አንድ ደረጃ ከፍ ለማለት 6 ዴሲቤል ያስፈልጋል። ማለትም ኃይልህ አራት እጥፍ መሆን አለበት። ስለዚህ ልጁ ተጨማሪ ብር ከፍሎ የሚያገኘው ግማሽ ደረጃ ነው። ባትሪው ግን ቶሎ ያልቃል።

እና ሪፒተሩ እንዴት ነው የሚሠራው? ዘፈን ላይ አውጪው ሲጨርስ ተቀባዩ እንደሚደግመው እንዳይመስላችሁ። እንደዚያ የሚሠሩ፣ ድምፅ ቀድተው አንተ ስትጨርስ መልሰው የሚያጫውቱ በቀቀን መሰል ዕቃዎች አሉ፤ ርካሽ ናቸው፣ ግን ሁሉን ነገር ሁለት ሁለት ጊዜ መስማት ያሰለቻል። እውነተኛው ሪፒተር እየሰማ ይናገራል። ለዚህ ነው ሁለት ፍሪኩዌንሲ የሚያስፈልገው። አማተሮች (ለሙያው ፍቅር ብለው ሬዲዮ የሚሠሩ ሰዎች) በሚጠቀሙበት የ2 ሜትር ባንድ፣ ማለትም ሞገዱ 2 ሜትር ያህል በሚረዝምበት የፍሪኩዌንሲ ክልል ላይ፣ ለምሳሌ በ145.000 ሜጋ ኸርዝ ይሰማል፣ በ145.600 ይናገራል። ልዩነቷ 600 ኪሎ ኸርዝ ናት። በእኛ ቀጠና የተለመደችው እሷ ናት።

በአንድ ፍሪኩዌንሲ ቢሆን ምን ይፈጠራል? ሠርግ ላይ ማይኩን ሞንታርቦው ፊት ሲያመጡት የሚጮኸውን ጩኸት ታውቁታላችሁ። እንደዚያ ነው የሚሆነው፤ ራሱን ይሰማና ይጮኻል። ፍሪኩዌንሲዎቹ ቢለያዩም አደጋው ሙሉ በሙሉ አይቀርም። አጠገቡ የሚጮኸው የራሱ ማሰራጫ፣ ከሩቅ ከሚመጣው የአንተ ደካማ ድምፅ በሚሊዮን በሚሊዮን እጥፍ ይበልጣል። እሱን የሚለየው ዱፕሌክሰር የሚባለው ዕቃ ነው። ቱቦ ቱቦ የሚመስሉ፣ በጎን በጎን የቆሙ የብረት ጣሳዎች ናቸው። እያንዳንዷ ጣሳ አንዱን ፍሪኩዌንሲ ታሳልፋለች፣ ሌላውን ትዘጋለች። ሪፒተር የሚያስወድደው ብዙውን ጊዜ ይሄ ነው።

ሌላው ቶን ነው። ስትናገር ሬዲዮህ ከድምፅህ ሥር ቀጭን እምምታ ይልካል፤ ለምሳሌ 88.5 ኸርዝ። ሰሚው ጋ ያለው ሬዲዮ አጣርቶ ስለሚያስቀራት ጆሮ አይሰማትም። ሪፒተሩ ግን ይሰማታል። ውሻ የቤቱን ሰው በኮቴው እንደሚለይ፣ ያቺን እምምታ ካልሰማ ንቅንቅ አይልም። ብዙ ሰው ሬዲዮውን «ተበላሽቷል» ብሎ የሚያስቀምጠው ቶኑን ሳያስገባ ነው።

እኔ ሪፒተርን ያወቅኩት አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ ሬዲዮ ኦፕሬተር ሆኜ ስሠራ ነው። ድርጅቱ ፈቃድ ነበረው፣ ሪፒተሩም ተራራው ላይ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ከባድ መኪና ተገልብጦ መንገዱ ተዘጋ። የእኛ መኪና ሐረር ነው። ሾፌራችን ትልቅ ሰው ናቸው፣ በአንቱታ ነው የምናወራቸው። ደነገጥኩና የሬዲዮውን የመናገሪያ ቁልፍ ተጭኜ በዚያው ቅጽበት «አይውረዱ!» አልኩ። እሳቸው የሰሙት «ይውረዱ!» ነው።

«እሺ» ብለው ወረዱ።

ከአወዳይ ከመጡ የጫት መኪናዎች ኋላ ተሰልፈው ግማሽ ቀን ፀሐይ ሲመታቸው ዋለ። ጫት ጫኝ ሾፌር ቆሞ ሲጠብቅ አይታችሁ ከሆነ፣ ጥሩምባውን ታውቁታላችሁ። ማታ ሲመጡ «አንተ ልጅ፣ ውረዱ ብለህ አውርደህ ሸጥከኝ» አሉኝ። እኔ ደግሞ አይውረዱ ነው ያልኩት ብዬ ድርቅ። ሁለታችንም እውነታችንን ነበር።

ምን ሆነ መሰላችሁ? ቁልፉን ስትጫን ሪፒተሩ መጀመሪያ ቶንህን ማወቅ አለበት። ቀጥሎ ማሰራጫውን ይከፍታል። ቀጥሎ የሰሚው ሬዲዮ ይነቃል። ሁሉም ተደምሮ ከሰከንድ ያነሰ ጊዜ ነው፤ ግን አንድ ፊደል ለመዋጥ ይበቃል። አማርኛችን ደግሞ እምቢታውን የሚያስቀምጠው ቃሉ ራስ ላይ ነው። «አትሂድ» ላይ «አት» ከተዋጠች «ሂድ» ይቀራል። እንግሊዝኛ ላይ «ኖ» ቢዋጥ ቀሪው ዓረፍተ ነገር ሊያስጠረጥር ይችላል፤ የእኛው ግን ምንም ሳይጎድለው ተገልብጦ ይደርሳል። ከዚያ ወዲህ ቁልፉን ተጭኜ አንድ ትንፋሽ ሳልጠብቅ አልናገርም። መጀመሪያ የጠሪና የተጠሪ ስም አስገባለሁ። «አይውረዱ» ማለትንም ትቻለሁ፤ «ሐረር ይቆዩ» ነው የምለው። «ይቆዩ» ቢቆረጥ «ቆዩ» ነው።

ስትጨርስ ደግሞ ቁልፉን ልቀቅና አድምጥ። ሪፒተሩ አንድ ሁለት ሰከንድ ያህል ባዶውን ክፍት ሆኖ ይቆያል፣ ከዚያ «ክሽ» ብሎ ይዘጋል። ይሄ ጭራ ይባላል። ጭራውን ከሰማህ ሪፒተሩ ሰምቶሃል ማለት ነው። ካልሰማህ ለራስህ ነው ያወራኸው። ብዙ ሪፒተሮች ሰዓት ቆጣሪም አላቸው፤ ወሬ ካስረዘምክ መሐል ላይ ይቆርጡሃል። ለአንዳንድ ሰው በቤትም ቢኖር ጥሩ ነበር።

ዕቃ መግዛት ላይ እንምጣ። መጀመሪያ ግን ፈቃድ። በአገራችን የሬዲዮ ሞገድ ለመጠቀም ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ባለሥልጣኑ የተቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ነው። ይሄን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። ዎኪ ቶኪ ይዞ ጉብታ ላይ መቆም በሰላሙም ቀን ሰው ያስጠይቃል። የድርጅት ሪፒተር ፍሪኩዌንሲ ፈልጎ ሹልክ ብሎ መግባትማ ጭራሽ አይታሰብም። ለሙያው ፍቅር ብለው የሚሠሩት አማተር ይባላሉ፣ የጥሪ ስም ይሰጣቸዋል፣ የኢትዮጵያው በኢቲ ይጀምራል። አዲስ አበባ 5 ኪሎ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ያለው የአማተሮች ክበብ የጥሪ ስሙ ኢቲ3ኤኤ ነው፤ ከሌላ አገር የሚጠሩት አማተሮች ወረፋ ይዘው ነው። ጀማሪ ሰው ቢጠይቅ የሚያፍርበት ቦታ አይደለም።

ዘመድ ከአውሮፓ በሻንጣ የሚያመጣት ጥንድ ዎኪ ቶኪ አለች፤ ካርቶኗ ላይ ብዙ ኪሎ ሜትር የተጻፈባት። አብዛኛውን ጊዜ 446 ሜጋ ኸርዝ ላይ የምትሠራ፣ ግማሽ ዋት ያላት፣ አንቴናዋ የማይፈታ ናት። እዚያ ያለ ፈቃድ የተፈቀደች መሆኗ እዚህ አያድንህም። ሪፒተርም አታውቅም፤ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ሰምታ በሌላ የመናገር ነገር አልተሠራባትም።

የምትገዛው ሬዲዮ የመስሚያና የመናገሪያ ፍሪኩዌንሲውን ለያይተህ የምታስገባበት፣ ቶን የሚቀበል፣ አንቴናው የሚፈታ ይሁን። እነዚህ ሦስቱ ከተሟሉ 5 ዋት ይበቃሃል። የተረፈህን ብር አንቴናው ላይ አውለው። አብሮ የሚመጣው አጭር ጎማ ለኪስ የተሠራ ነው። በ2 ሜትር ባንድ ላይ የሞገዱ ሩብ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ያን ያህል ርዝመት ያለው ቀጭን አንቴና ስትተካበት ዕቃው ሌላ ዕቃ ይሆናል። ስትናገርም ቀጥ አድርገህ ያዘው። እንደ ስልክ ጆሮህ ላይ አጋድመህ አትያዘው። ጣራ ላይ አንቴና ከሰቀልክ ደግሞ ገመዱን አትርሳ፤ አርጂ-58 የሚባለው ቀጭኑ ገመድ 10 ሜትር ላይ በዚህ ፍሪኩዌንሲ ከኃይልህ ሲሶ ገደማውን ይበላል።

ጀጎል ውስጥ በአጭር ርቀት ለመነጋገር ከሆነ ዩኤችኤፍ ይሻላል፤ በጠባብ መንገዶቹና በድንጋይ ግድግዳዎቹ መሐል አጭሩ የዩኤችኤፍ ሞገድ እየነጠረ ይሾልካል። ለሰፊ ሜዳ ግን ቪኤችኤፍ።

ልጁ ይሄን ሁሉ ሰምቶ «ታዲያ የሚያስገባኝ ሪፒተር ከሌለስ?» አለኝ። አንድ እንዳለ ነገርኩት። ደንገጎ ላይ አይደለም። 400 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚዞረው ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ የአማተር ሪፒተር አለ። በ145.990 ይሰማል፣ ቶኑ 67 ኸርዝ ነው፣ በ437.800 ይናገራል። ሁልጊዜ ክፍት አይደለም፤ ጠፈርተኞቹ ለሌላ ሥራ ሲፈልጉት ይዘጉታል። ከድሬ በላይ ሲያልፍ ከአድማስ እስከ አድማስ ቢበዛ 10 ደቂቃ ያህል ነው የምታገኘው። ወደ አንተ ሲመጣ ፍሪኩዌንሲው ከፍ ብሎ 437.810 አካባቢ ይሰማል፣ ሲርቅ ወደ 437.790 ይወርዳል፤ አምቡላንስ አጠገብህ ሲያልፍ ሳይረኑ እንደሚወፍረው ማለት ነው። ኮምፒውተር ላይ የምትሰካ፣ መቀበያ ብቻ የሆነች ትንሽ ዕቃ አለች፤ በእሷ የሌላ አገር ሰዎች በጣቢያው በኩል ስማቸውን ሲለዋወጡ መስማት ይቻላል።

ቁጥሩን ሻይ ቤቱ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፍኩለት። አየት አየት አደረገና፣

«ለዚህስ ስንት ዋት ይፈልጋል?» አለኝ።

«ለመስማት? ምንም።»