በፍንዳታ አደጋ ሥፍራዎች የሚሠሩ የኢንዱስትሪ ኤሌክትሪክ ማሞቂያዎች፦ አጠቃቀምና ጥገና በጅማ

የኢንዱስትሪ ኤሌክትሪክ ማሞቂያ የኤሌክትሪክ ኃይልን በቀጥታ ወደ ሙቀት እየለወጠ አየርን፣ ውሃን፣ ዘይትን ወይም የጋንና የቧንቧ ግድግዳን የሚያሞቅ መሣሪያ ነው። ተቀጣጣይ ጋዝ፣ ትነት ወይም ብናኝ በሚገኝበት ሥፍራ የሚተከለው ማሞቂያ ከተራው በሁለት ነገር ይለያል፤ አንደኛ፣ በውስጡ የሚፈጠር ብልጭታ ውጭ ያለውን አየር እንዳያቀጣጥል ሆኖ ይሠራል፤ ሁለተኛ፣ የገላው ሙቀት በአካባቢው ያለውን ነገር ከሚያቀጣጥለው መጠን በታች እንዲቆይ ይገደባል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ሁለተኛው ነው። ሞተርና መብራት የሚሞቁት እግረ መንገዳቸውን ሲሆን፣ ማሞቂያ ግን ሥራው ራሱ መሞቅ ስለሆነ ምንም ብልጭታ ሳይኖር በገላው ሙቀት ብቻ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የከተማዋ ስም ከሁሉ በፊት ከቡና ጋር ይነሣ እንጂ የእንጨት ሥራዋም ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። ባለሦስት እግሩ የጅማ ወንበር ዛሬም የብዙ ቤት ጌጥ ነው። በዚህ ጽሑፍ ዓይን ሲታይ ግን ሁለቱም ሙያዎች የራሳቸው ተቀጣጣይ ነገር አላቸው፤ የቡና መፈልፈያ ቤት ገለባና ደቃቅ ብናኝ ያመነጫል፣ የእንጨት ሥራ ቤት ደግሞ የመጋዝ ብናኝ፣ ቫርኒሽና ቲነር። የነዳጅ ማደያዎች፣ የማብሰያ ጋዝ ሲሊንደር መጋዘኖች፣ አልኮልና ኢተር የሚያስቀምጡ ቤተ ሙከራዎች፣ እንዲሁም የሳኒታይዘር ማዘጋጃ ክፍሎች ከዚሁ ይመደባሉ። ንጹሕ ኢታኖል በ13 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ የሚቀጣጠል ትነት መስጠት ይጀምራል። የጅማ ቀን ደግሞ ከዚህ በላይ ስለሚሞቅ፣ ክዳኑ የተከፈተ የአልኮል ዕቃ በከተማዋ በማንኛውም ወር ተቀጣጣይ ትነት እየለቀቀ ነው ማለት ይቻላል።

አመጣጥ

ከፍንዳታ የመከላከል ቴክኒክ የተወለደው በድንጋይ ከሰል ማዕድን ጉድጓዶች ውስጥ ነው። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1815 የሠራው የማዕድን ፋኖስ ነበልባሉን በደቃቅ የሽቦ ወንፊት ከበበው። ነበልባል በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ሙቀቱን ለብረቱ አስረክቦ ይጠፋል። ይኸው ሐሳብ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጀርመን ማዕድን ማውጫዎች ለኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ተሸጋገረና ዛሬ ፍንዳታ የማያስተላልፍ ሣጥን የምንለውን አስገኘ። ሣጥኑ ጋዝ እንዳይገባበት አይከለክልም፤ የገባው ጋዝ ውስጥ ቢፈነዳ ግን ጫናውን ይቋቋማል፣ በከንፈሮቹ (ክዳኑና ሣጥኑ በሚገጥሙባቸው ገጾች) መካከል ባለው እጅግ ጠባብ ክፍተት የሚወጣውንም ትኩስ ጋዝ አቀዝቅዞ ይለቃል። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 1913 በዌልስ በሴንግሄኒድ ማዕድን ማውጫ የደረሰው ፍንዳታ 439 ማዕድን ቆፋሪዎችን ገደለ። መንስኤው በእርግጠኝነት ባይረጋገጥም ከኤሌክትሪክ የደወል መስመር የወጣ ብልጭታ ተጠርጥሮ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የተደረገው ጥናትም ብልጭታው ራሱ ለማቀጣጠል አቅም የሚያጣበትን ዝቅተኛ ኃይል ያለው አሠራር ወለደ።

የማሞቂያው ሆድ ዕቃ ታሪክ አጭር ነው። አሜሪካዊው አልበርት ማርሽ እ.ኤ.አ. በ1906 የባለቤትነት መብት ያገኘበት የኒኬልና የክሮሚየም ቅይጥ፣ ማለትም ኒክሮም፣ ሳይዝግና ሳይቀልጥ ለረጅም ጊዜ መጋል የሚችል ሽቦ ሆነ። ዛሬ ባለሙያዎቻችን ሬዚስታንስ የሚሉት የኢንዱስትሪ ዘንግ ይኸው ሽቦ በማግኒዚየም ኦክሳይድ ዱቄት ተጠቅጥቆ በብረት ቱቦ ውስጥ የታሸገ ነው።

በጅማ በኩል የኃይሉ ታሪክ ከግልገል ጊቤ ጋር የተሳሰረ ነው። ከከተማዋ በስተሰሜን ምሥራቅ የሚገኘውና በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው ግልገል ጊቤ ጣቢያ 184 ሜጋ ዋት ያመነጫል። በ1944 ዓ.ም. የተመሠረተውን የግብርና ኮሌጅና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱን አዋሕዶ በ1992 ዓ.ም. የተቋቋመው ጅማ ዩኒቨርሲቲ በማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱ ስሙን አስከብሯል፤ በኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ያለው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱም ለደቡብ ምዕራቡ የአገራችን ክፍል ኤሌክትሪክና ሜካኒካል መሐንዲሶችን ያፈራል። የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው በ2011 ዓ.ም. ነው።

የሥፍራዎች አመዳደብ

ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን በ60079 ተከታታይ ደረጃዎቹ የጋዝና የትነት ሥፍራዎችን ዞን 0፣ 1 እና 2፣ የብናኝ ሥፍራዎችን ደግሞ ዞን 20፣ 21 እና 22 ይላቸዋል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ተቀጣጣዩ አየር የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል። ሰሜን አሜሪካ በክላስና በዲቪዥን ትመድባለች። በአገራችን የሁለቱም ምልክት ያለበት ዕቃ ስለሚገባ የሁለቱንም ቋንቋ ማንበብ ግድ ነው። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር ብዙም ፍሬ ያለው አይመስልም፤ ዋናው ነገር በአንድ ሥፍራ ሁለቱን አለመቀላቀል ነው።

የገላ ሙቀት ክፍሎች ከቲ1 እስከ ቲ6 ይደርሳሉ፤ ጣሪያቸውም በቅደም ተከተል 450፣ 300፣ 200፣ 135፣ 100 እና 85 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ኢታኖል በራሱ የሚቀጣጠለው ከ360 ዲግሪ በላይ በመሆኑ ቲ2 ማሞቂያ ይበቃዋል። በ160 ዲግሪ ገደማ የሚቀጣጠለው ኢተር ግን ቲ4 ይጠይቃል። ስለዚህ ለአልኮል ክፍል የተገዛን ማሞቂያ ኢተር ወደሚቀመጥበት ክፍል ማዛወር፣ ሁለቱም ክፍሎች ዞን 2 ቢሆኑም እንኳ፣ አይቻልም። ለብናኝ ስሌቱ ሌላ ነው፤ የማሞቂያው ገላ ብናኙ በአየር ላይ ሲበተን ከሚቀጣጠልበት ሙቀት ከሁለት ሦስተኛው መብለጥ የለበትም፣ 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ንጣፍ ከሚቀጣጠልበት ሙቀትም ቢያንስ በ75 ዲግሪ ማነስ አለበት። የመፈልፈያ ቤት ሠራተኞች ገለባ ሳይነድ ውስጥ ውስጡን እየጤሰ እንደሚያድር ያውቁታል፤ የንጣፉ መስፈርት የወጣውም ለዚህ ዓይነቱ እሳት ነው። የቡና መፈልፈያ ቤት በየትኛው ዞን ይመደብ በሚለው ላይ አስተያየቶች ይለያያሉ። ብናኝ የሚጠባ ማሽን ያለውና በየቀኑ የሚጠረግ ቤት በዞን 22 ሊታለፍ ይችላል፤ ገለባው ማዕዘን ላይ ተከምሮ የሚሰነብትበት ቤት ግን በዚህ ሊታለፍ አይገባም።

ከፍታ፣ ቮልትና ርጥበት

የፍንዳታ መከላከያ የምስክር ወረቀት በደረጃው መሠረት የሚሰጠው ለ80 እስከ 110 ኪሎ ፓስካል የአየር ግፊትና፣ ሌላ ካልተጻፈበት በቀር፣ መሣሪያው ለሚቀመጥበት ከዜሮ በታች 20 እስከ ከዜሮ በላይ 40 ዲግሪ ሙቀት ነው። በጅማ ከፍታ የአየር ግፊት ወደ 82 ኪሎ ፓስካል ስለሚሆን ከተማችን ከዚህ የግፊት ወሰን ጠርዝ ላይ ሳትወጣ ቀርታለች። አዲስ አበባ በ76 ገደማ ከወሰኑ ውጭ ስለሆነች እዚያ አምራቹ ለከፍታው በጽሑፍ ማረጋገጥ ይኖርበታል። ከጅማ ወጣ ብሎ ወደ ደጋው የሚተከል መሣሪያም እንዲሁ ነው። ይሁንና የምስክር ወረቀቱ ጸና ማለት ማሞቂያው እንደ ባሕር ዳርቻ ይሠራል ማለት አይደለም። አየሩ በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ በፋን የሚነፍሰው አየር የሚወስደው ሙቀት ይቀንሳል፣ ዘንጉም ከታሰበው በላይ ይግላል። ለአየር ማሞቂያ ተከላ ከፍታውን ለአምራቹ ማሳወቅ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

የማሞቂያ ኃይል ከቮልቱ ካሬ ጋር ይወጣል ይወርዳል። ቮልት በ10 በመቶ ሲወርድ ሙቀቱ በ19 በመቶ ይቀንሳል፣ በ10 በመቶ ሲጨምር ደግሞ በ21 በመቶ ያድጋል። የ220 ቮልት ዘንጎች በ380 ቮልት መስመር ላይ በስታር (እያንዳንዱ ዘንግ 220 ቮልት በሚያገኝበት አሠራር) እንዲታሰሩ ተሠርተው ሳሉ በስሕተት በዴልታ (እያንዳንዱ ሙሉውን 380 በሚያገኝበት) ቢታሰሩ ሦስት እጥፍ ኃይል ይስባሉ። ብሬከሩ ካላዳነ የቲ3 ምልክት ያለበት ዕቃ በደቂቃዎች ውስጥ ቲ3 መሆኑ ያበቃል። ከሰሜን አሜሪካ የሚመጣ የ480 ቮልት ማሞቂያ በ380 ቮልት የሚሰጠው ሙቀት 63 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ለ60 ኸርዝ የተሠራው ፋኑም በእኛ 50 ኸርዝ በአምስት ስድስተኛ ፍጥነቱ ይዞራል። ሙቀቱ ስላነሰ ብቻ ጉዳት የለውም ብሎ ማሰብ ግን አያዋጣም፤ ሞተሩና የኮንታክተሩ (ኃይሉን የሚያበራና የሚያጠፋው ማግኔታዊ ማብሪያ) ጥቅል ለብቻቸው መታየት አለባቸው።

በጅማ ዘንጎችን ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ርጥበት ነው። ማግኒዚየም ኦክሳይድ ሲደርቅ ድንቅ ኢንሱሌሽን ነው፣ ነገር ግን የአየርን እርጥበት ይስባል። ክረምቱን ሙሉ ጠፍቶ የከረመ ማሞቂያ በመጀመሪያው ቀን ሲበራ ፍሳሽ ከረንቱ (ከዘንጉ ሽቦ ወደ ገላው የሚያመልጠው ከረንት) ከፍ ብሎ መከላከያውን የሚጥለው ለዚህ ነው። የተለመደው ልማድ መከላከያውን ደጋግሞ ማንሣት ነው፤ ከዚህ የከፋ ልማድ የለም። ለሬዚስታንስ ማሞቂያ የፍሳሽ ከረንት መከላከያው ከ100 ሚሊ አምፔር እንዳይበልጥ፣ ቢቻል 30 እንዲሆን ደረጃው ያዛል። የወደቀ መከላከያ ሥራውን እየሠራ ነውና መንስኤው ተፈልጎ ሳይገኝ መነሣት የለበትም።

ጥገና

የ60079-17 ደረጃ ምርመራን በሦስት ይከፍላል፤ በዓይን ብቻ የሚደረግ፣ በቅርብ ሆኖ ያለ መክፈት የሚደረግ፣ እና ተከፍቶ የሚደረግ ዝርዝር ምርመራ። በየጊዜው የሚደረገው ምርመራ ያለ ባለሙያ ጥናት ከሦስት ዓመት በላይ መራቅ የለበትም፤ በእጅ የሚንቀሳቀስ መሣሪያ ቢያንስ በየዓመቱ ይታያል። ይህ ጣሪያ እንጂ መርሐ ግብር አይደለም። በጅማ ከክረምቱ በፊትና በኋላ መመርመር ይበጃል የሚለውን አብዛኛው ባለሙያ ይስማማበታል።

ሣጥን ከመከፈቱ በፊት ኃይሉ ከምንጩ ይቋረጣል፣ ማቋረጫው በቁልፍ ይዘጋል፣ የሚሠራው ሰው ስም ያለበት ካርድ ይንጠለጠልበታል፤ ቁልፉም በዚያ ሰው ኪስ ይቆያል። ከዚያ በሣጥኑ ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ደቂቃ ይጠበቃል፤ ኃይል የሌለው ዘንግ ለጊዜው ትኩስ ነውና። ጋዝ መመርመሪያ አካባቢው ነጻ መሆኑን ሳያረጋግጥ ሜገርም (የኢንሱሌሽን መለኪያው) ሆነ ተራ ሜትር አይወጣም፤ ሜገር ራሱ ብልጭታ ያወጣል።

ክዳኑ ሲነሣ መጀመሪያ የሚታዩት ከንፈሮቹ ናቸው። ለስላሳ የብረት ገጽ ላይ እንደ ጤፍ ፍሬ የሚያህሉ የዝገት ነጠብጣቦች ከታዩ በጨርቅና በተፈቀደ ማጽጃ ይጸዳሉ እንጂ በሞረድ ወይም በሸካራ አሸዋ ወረቀት አይፋቁም፤ የተፋቀ ከንፈር ክፍተቱ ይሰፋል፣ ክፍተቱ የሰፋ ሣጥን ደግሞ ነበልባል ያሳልፋል። ገጹ የማይደርቅ ግሪስ በሥሡ ይቀባል፤ ቀለም ግን በፍጹም አይነካውም። ከአሥራ ሁለት ብሎኖች አንዱ ጠፍቶ ሲገኝ «ለጊዜው ይሁን» ተብሎ በአሥራ አንድ መዝጋት በየወርክሾፑ የሚሰማ ንግግር ነው። እንዲያ የተዘጋ ሣጥን ሲታይ ጤነኛ ቢመስልም ፍንዳታ የማያስተላልፍ ሣጥን አይደለም። የሚተካው ብሎንም የብረት ደረጃው በምስክር ወረቀቱ ከተጻፈው ማነስ የለበትም። የኬብል ግላንዱ (ኬብሉ ወደ ሣጥኑ የሚገባበት ማጥበቂያ) ቢያንስ አምስት ሙሉ ጥርስ መያዝ አለበት፤ ያልተጠቀሙበት ቀዳዳም ራሱ በተመሰከረለት ቡሽ ይዘጋል፣ በሲሊኮን አይደፈንም።

ቀጥሎ የዘንጉ ኢንሱሌሽን በ500 ቮልት ሜገር ይለካል። አዲስ ዘንግ በመቶ የሚቆጠር ሜጋ ኦም ያሳያል፤ ከ1 ሜጋ ኦም በታች የወረደ ኃይል አይሰጠውም። የረጠበ ዘንግ ከአደጋ ክልሉ ወጥቶ በ120 ዲግሪ አካባቢ በምድጃ ለሰዓታት ሲደርቅ መርፌዋ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ትወጣለች። ደርቆም የማትነሣ ከሆነ ቱቦው ተሰንጥቋልና ዘንጉ ይጣላል። ዘንጉን በቦታው እንዳለ በዝቅተኛ ቮልት የማድረቅ ዘዴም አለ፤ አንዳንዶች ይመርጡታል፣ ነገር ግን ጋዝ ፈጽሞ እንደሌለ በፈቃድ ወረቀት ካልተረጋገጠ በቀር የሚመከር አይደለም።

የአየር ማሞቂያ ክንፎች ላይ የተኛ ብናኝ በኮምፕረሰር አየር አይነፋም። አየሩ ብናኙን ከክንፉ አንሥቶ በክፍሉ ይበትነዋል፤ ደረጃው የሚፈራው ደመና በዚህ መንገድ ይፈጠራል። ለብናኝ በተመሰከረለት ቫኪዩም ወይም በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። በፈሳሽ ውስጥ የሚጠልቁት ዘንጎች ደግሞ ኖራ ይይዛሉ። ኖራው ሙቀቱን አፍኖ ዘንጉን ያግለዋል። የውሃ ዘንግን ለጥቁር ነዳጅ ጋን መጠቀም የባሰ ጥፋት ነው፤ ውሃ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 8 ዋት ያህል ሲሸከም፣ ለወፍራም ነዳጅ ከ1.5 ዋት እንዳይበልጥ ይመከራል። በነዳጅ የተከደነ ዘንግ ሁሉ ከደረጃው በታች ፈሳሽ ሲጎድል የሚያጠፋው መቁረጫ ሊኖረው ይገባል።

ከመጠን ያለፈ ሙቀት መቁረጫው በእጅ ብቻ የሚመለስ ሆኖ ከቴርሞስታቱ ተለይቶ ይሠራል። በሽቦ ተሻግሮ የተገኘ መቁረጫ በጥገና መዝገብ እንደ ብልሽት ሳይሆን እንደ አደጋ ይመዘገባል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ቦታን ደህንነት መጠበቅ የአሠሪው ግዴታ ያደረገ በመሆኑ፣ መዝገቡ የባለሙያው የግል ማስታወሻ ሳይሆን የድርጅቱ ሰነድ ነው።

ትልቅ ጥገና፣ ማለትም ከንፈርን በማሽን መልሶ ማስተካከል፣ ዘንግ መለወጥ ወይም ሣጥን መበየድ፣ በ60079-19 የሚመራ ሲሆን የአምራቹን ሥዕልና የምስክር ወረቀት ይጠይቃል። ለዚህ የሚሆን ዕቃ ከአካባቢው ቸርቻሪ ተለክቶ የሚገዛ ስላልሆነ መለዋወጫውን ከማሞቂያው ጋር አብሮ ማዘዝ ከወራት መጠበቅ ያድናል። የስም ሰሌዳው ጠፍቶ ወይም በቀለም ተሸፍኖ ሊነበብ ያልቻለ ማሞቂያ የሙቀት ክፍሉም የጋዝ ምድቡም (ለየትኞቹ ጋዞች እንደተፈቀደ) ሊረጋገጥ ስለማይችል፣ ምንም ያህል ደህና ቢሠራ ከአደጋ ክልሉ ተነሥቶ ወደ ተራ ሥፍራ ይዛወራል።