የእጅና የእግር ሜላኖማ፦ በሕይወት የመቆየት ዕድልን የሚወስነው ምንድን ነው?

ሜላኖማ ለቆዳ ቀለም በሚሰጡ ሴሎች ላይ የሚነሳ ካንሰር ነው። መዳፍ፣ ውስጥ እግር ወይም ጥፍር ሥር ሲወጣ አክራል ሜላኖማ ይባላል። በዚህ ቦታ በብዛት የሚታየውን ዓይነት፣ አክራል ሌንቲጂነስ የሚባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ለይቶ የገለጸው አሜሪካዊው ሐኪም ሪቻርድ ሪድ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። ስለ ሜላኖማ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ፀሐይ ስለሚያቃጥለው ቆዳ ነው። ይሄኛው ግን ፀሐይ ብዙም በማያገኘው ቦታ ይወጣል፣ የቆዳ ቀለምም አይመርጥም።

"የጥቁሮች ሜላኖማ" ሲባል የሚሰማው ትንሽ መስተካከል አለበት። በ2009 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት በአሜሪካ የካንሰር መዝገብ ከ1986 እስከ 2005 የሰፈሩ 1,413 የአክራል ሌንቲጂነስ ሜላኖማ ሕሙማንን አይቷል። በሽታው ጥቁሮችንም ነጮችንም የሚይዘው በተመሳሳይ መጠን ነው፤ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ሰው 1.8 ገደማ። ጥቁሮች ላይ ከሚወጣው ሜላኖማ 36 በመቶው ይሄ ዓይነት የሆነው ሌሎቹ ዓይነቶች እነሱን እምብዛም ስለማይነኩ ነው።

ያው ጥናት የመትረፍን ነገር በቁጥር አስቀምጧል። በአምስት ዓመት ውስጥ በዚህ በሽታ ያልሞቱት 80.3 በመቶ፣ በአሥር ዓመት ደግሞ 67.5 በመቶ ናቸው። የቆዳ ሜላኖማ በጠቅላላ ሲታይ ግን 91.3 እና 87.5 በመቶ ነው። ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው። በዘር ሲከፋፈል የአምስት ዓመቱ የላቲን አሜሪካ ዝርያ የሌላቸው ነጮች ላይ 82.6፣ ጥቁሮች ላይ 77.2 ሆኖ፣ አሥረኛው ዓመት ላይ ሲደረስ ግን ነጮቹ 69.4፣ ጥቁሮቹ 71.5 ስለሆኑ "ጥቁር ቆዳ ራሱ ይገድላል" ለሚል ሰው ይሄ ቁጥር አይመቸውም። ዝቅተኛው ውጤት የእስያና የፓሲፊክ ደሴቶች ተወላጆች ነው፤ 70.2 እና 54.1። አጥኚዎቹ ምክንያቱ ሳይሆን አይቀርም ያሉት ሕሙማኑ ሲመረመሩ ዕጢው ወፍሮ፣ በሽታውም ገፍቶ መገኘቱን ነው።

የዕጢው ውፍረት ከሁሉም በላይ የሚጠየቅ ነገር ነው። መለኪያውን በ1970 ያቀረበው አሜሪካዊው ሐኪም አሌክሳንደር ብሬስሎው ነው፤ ሐሳቡ ቀላል ነው። የተቆረጠውን ቆዳ በማይክሮስኮፕ አይቶ ካንሰሩ ስንት ሚሊሜትር ወደ ውስጥ እንደገባ መለካት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመናዊ ምርመራ መጥቷል፣ የብሬስሎው ሚሊሜትር ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ዛሬም ደረጃ የሚከፋፈለው 1፣ 2 እና 4 ሚሊሜትር ላይ ነው። ከ1 በታች የተገኘ ሰው ዕድሉ በጣም ጥሩ ነው፣ ከ4 ያለፈ ግን አሳሳቢ ነው። ቀጥሎ የሚታየው ላዩ መቁሰሉ ነው። እኩል ውፍረት ካላቸው ሁለት ዕጢዎች የቆሰለው የባሰ ነው።

ሌላው ትልቅ ነገር የሊምፍ ዕጢ ነው፤ ይሄ ካንሰር ሳይሆን ሰውነት በሽታን የሚከላከልበት ጤነኛ ክፍል ነው። እግር ላይ የተነሳው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ብሽሽት፣ እጅ ላይ የተነሳው ወደ ብብት ነው። በ1992 አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ዶናልድ ሞርተንና ባልደረቦቹ ካንሰሩ መጀመሪያ የሚደርስባትን የሊምፍ ዕጢ ለይቶ አውጥቶ መመርመሪያ ዘዴ አሳተሙ። እዚያ ካንሰር ከተገኘ የመትረፍ ዕድል በግልጽ ይቀንሳል። ድሮ የቀሩትም ዕጢዎች ሁሉ ተጠርገው ይወጡ ነበር፤ በ2017 የወጣ ትልቅ ሙከራ ግን ይሄ ዕድሜ እንደማያስረዝም አሳየ።

አሁን ወደ መዘግየት እንምጣ፣ ምክንያቱም ውፍረቱ ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው። የውስጥ እግሩን አገላብጦ የሚያይ ስንት ሰው አለ? ቢያይም ኪንታሮት፣ ፈንገስ፣ የማይድን ቁስል፣ ጥፍር ሥር ከሆነ ደግሞ የተመታ ደም ይመስለዋል። ሐኪምም ይሳሳታል። አንዳንዱ ዕጢ ጭራሽ ቀለም የለውም፣ ቀይ ሥጋ ይመስላል። ቦብ ማርሊን የገደለው አክራል ሜላኖማ ነው። በ1977 በእግሩ ጣት ጥፍር ሥር ተገኘ፣ ጣቱ እንዲቆረጥ ተመክሮ አልፈለገም፣ ግንቦት 1981 በ36 ዓመቱ ሞተ። ኳስ ሲጫወት መመታቱ ነው ያመጣበት የሚለው ወሬ ግን የተረጋገጠ አይደለም። ምት በሽታውን ያመጣል ወይስ ቀድሞ የነበረውን ያስታውቃል የሚለው ገና አከራካሪ ነው።

ቶሎ ለመለየት የሚረዱ ምልክቶች አሉ። ጥፍር ላይ የወጣ ጥቁር መስመር ቀለሙ ወደ ጥፍሩ ዙሪያ ቆዳ ከፈሰሰ ሀቺንሰን ምልክት ይባላል፤ የእንግሊዙ ሐኪም ጆናታን ሀቺንሰን በ1886 ጽፎበታል። መዳፍና ውስጥ እግር ላይ ደግሞ የጃፓን የቆዳ ሐኪሞች ትልቅ ውለታ ውለዋል። ዴርሞስኮፕ በሚባለው ማጉያ ሲታይ ቀለሙ በቆዳው መስመሮች ጉብታ ላይ ከተደረደረ ሜላኖማ ይጠረጠራል፣ በስርጉዱ ላይ ከሆነ በአብዛኛው ተራ ምልክት ነው።

እጅ ይሻላል ወይስ እግር? እግር ላይ በብዛት ይወጣል፣ ውጤቱም ይብሳል የሚሉ አሉ፤ ውፍረቱ እኩል ሲደረግ ልዩነቱ ይጠፋል የሚሉም አሉ። ሴቶችና ወጣቶች በአጠቃላይ የተሻለ ውጤት አላቸው።

ቀዶ ጥገናው ዙሪያውን ካለው ጤነኛ ቆዳ ጨምሮ መቁረጥ ነው፤ ከ2 ሚሊሜትር ለወፈረው 2 ሴንቲሜትር ያህል። ገና ላይኛው ቆዳ ላይ ያለ የጥፍር ሥር ሜላኖማ ዛሬ ጣት ሳይቆረጥ ሊወጣ ይችላል። በሽታው ሲሰራጭ ግን የዚህ ዓይነቱ ባሕርይ ይከብዳል። ሌላው የቆዳ ሜላኖማ ግማሽ ያህሉ ላይ የሚገኘው የብራፍ ጂን ለውጥ እዚህ በጣም ያነሰ ነው፣ ስለዚህ ይህን ለውጥ ለይቶ በሚመታው መድኃኒት የሚጠቀመው ሰው ጥቂት ነው። የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቁት መድኃኒቶችም የሚሠሩት ከሌላው ባነሰ ደረጃ ነው። ኪት የሚባል ጂን ላይ ለውጥ ያላቸው ጥቂት ሕሙማን ኢማቲኒብ የሚባለው መድኃኒት ሊረዳቸው ስለሚችል፣ ዕጢው ለዚህ ቢመረመር ጥሩ ነው።