የሙቀት ድንጋጤ ምንድን ነው? የሐይቅና የወንዝ ኤሊ በድንገት ሲሞቃት

ኤሊ አታልብም። ላብ የሚያመነጭ ዕጢ የላትም። ሰውነቷም እንደኛ ከውስጥ ሙቀቱን አይጠብቅም። ውኃው 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ከሆነ እሷም ወደ 20 ትጠጋለች፤ ውኃው ሲሞቅ አብራው ትሞቃለች። ታዲያ ውኃው በአንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ሽቅብ ቢወጣስ? የሙቀት ድንጋጤ የሚባለው ይሄ ነው፦ ሰውነት ሳይዘጋጅ ሙቀቱ ቀድሞት ሲደርስ ሴሎች ውስጥ የሚፈጠረው መናጋት።

ዋናው ቃል «በድንገት» የሚለው ነው። ለሳምንታት ቀስ እያለ የመጣ ሙቀት ሌላ ጉዳይ ነው። ሙቅ ውኃ ውስጥ የሰነበተች ኤሊ፣ ቀዝቃዛ ውስጥ ከከረመችው ትንሽ ከፍ ያለ ሙቀት ትችላለች።

የመጀመሪያ መከላከያዋ እግሯ ነው። ግንድ ላይ ወጥታ ፀሐይ የምትሞቅ ኤሊ ካጋጠመቻችሁ ልብ ብላችሁ እዩዋት። አንገቷን ታሰግጋለች፣ የኋላ እግሮቿን ወደ ኋላ ትዘረጋለች፣ ጣቶቿን ትከፋፍታለች። ሲበቃት ሁሉንም ሰብስባ ውኃ ውስጥ ትገባለች። የሐይቅ ኤሊዎች ዘመድ የሆነችውና የብስ ላይ የምትኖረው የሰሜን አሜሪካ ቦክስ ኤሊ ደግሞ ሌላ መላ አላት። ሙቀቱ ሲጠናባት ምራቋን አረፋ አድርጋ አንገቷና የፊት እግሮቿ ላይ ታወርዳለች፤ የኋላ እግሮቿን በሽንቷ ታርሳለች። እርጥበቱ ሲተን ይቀዘቅዛታል።

ውኃው ጥልቀት ከሌለውና ማምለጫ ከጠፋስ? ያን ጊዜ ሥራው ወደ ውስጥ ይዞራል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር የሰውነቷ የኦክስጅን ፍጆታ ሁለት እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሆናል። ውኃው ግን በተቃራኒው ይሄዳል፦ በ20 ዲግሪ አንድ ሊትር ውኃ 9 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል፤ በ30 ዲግሪ ወደ 7.5 ይወርዳል። በቆዳዋ ከውኃው የምትወስደው አየር አይበቃትም። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ብቅ እያለች ትተነፍሳለች።

ደሟም ይለወጣል። በእያንዳንዱ ዲግሪ ጭማሪ የደሟ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲቀንስ አሲድነቱ ይጨምራል) በ0.016 ገደማ ይቀንሳል። በ10 ዲግሪ 0.16 ማለት ነው። ሰው ላይ እንዲህ ያለ ለውጥ ቢታይ ሐኪሙ ይደነግጣል። ለኤሊ ግን ጤንነት ነው፤ ፕሮቲኖቿ በየሙቀቱ በደንብ የሚሠሩት ፒኤቹ እንዲህ ሲከተላቸው ነው። እኔን ከሁሉም በላይ የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ከዚያ በላይ ሲሞቅ ጉዳቱ ፕሮቲኖቹ ላይ ይደርሳል። ፕሮቲን ማለት በልክ የተጣጠፈ ክር ነው፤ ሥራውን የሚሠራው በቅርጹ ነው። የእንቁላል ነጩ ክፍል መጥበሻ ላይ ሲነጣና ሲረጋ አይታችኋል አይደል? ክሮቹ ተፈተው እርስ በርስ ሲጣበቁ ነው። በኤሊዋ ሴል ውስጥም የዚያ ጅማሬ አለ። የሚደርሱላት የሙቀት ድንጋጤ ፕሮቲኖች የሚባሉት ናቸው፤ በተለይ ኤችኤስፒ (የእንግሊዝኛ ስማቸው ምህጻረ ቃል) 70 እና 90። ቁጥሩ የፕሮቲኑ ግምታዊ ክብደት በኪሎዳልተን፣ ማለትም በሞለኪውል ክብደት መለኪያ፣ ነው። የተፈታውን ክር ይይዛሉ፣ እንዳይጣበቅ ይከላከላሉ፣ መልሰው እንዲታጠፍ ያግዛሉ። በደህናው ጊዜ ደግሞ የራሳቸውን ማምረቻ ማብሪያ ማጥፊያ ይዘው ይቆያሉ። የተበላሸ ፕሮቲን ሲበዛ ወደዚያ ይሮጣሉ፤ ማብሪያው ይለቀቃል፤ ሴሉ ተጨማሪ ማምረት ይጀምራል። ይህን ምላሽ መጀመሪያ ያየው ጣሊያናዊው ፌሩቾ ሪቶሳ ነው። ሙቀቱ ሳይታሰብ ከፍ ባለ ማሞቂያ ውስጥ በነበሩ የፍራፍሬ ዝንብ ሴሎች ላይ አስተውሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 አሳተመው።

ሴሉ ሲጋጋል ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ጎጂ ሞለኪውሎችም ይበዛሉ። እነሱን ካታሌዝና መሰል ኤንዛይሞች፣ እንዲሁም ራሷ የምትሠራው ቫይታሚን ሲ ያረግቧቸዋል።

ችግሩ ይህ ሁሉ ጉልበት ይበላል፤ ጊዜም ይፈልጋል። በቂ ፕሮቲን ለማከማቸት ሰዓታት ይወስዳል። ሙቀቱ በደቂቃዎች ከመጣ አትደርስበትም። ለብዙዎቹ የሐይቅና የወንዝ ኤሊዎች የመጨረሻው ገደብ ከ39 እስከ 42 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው። ተመራማሪዎች ገደቡን የሚለዩት ኤሊዋን በጀርባዋ ገልብጠው ነው። ደህና ከሆነች አንገቷን መሬት ላይ ተክላ ትገለበጣለች። ገደቡ ላይ ስትደርስ እግሮቿ ይወራጫሉ እንጂ መቃናት ያቅታታል። በሕይወት አለች፤ ግን ወደ ጥላ መሄድ አትችልም።

እንዲህ የዛለች ኤሊ ካገኛችሁ ቶሎ ጥላ ውስጥ አስገቧት። በረዶ ውኃ ውስጥ አትክተቷት፤ ለብ ያለ፣ ጥልቀት የሌለው ውኃ ይበቃታል። ውኃው ከአገጯ በታች ይሁን። ስትዝል አንገቷን ቀና ማድረግ ስለማትችል፣ የኖረችበት ውኃ ራሱ ሊያሰጥማት ይችላል።