የኦቶክሮስ መኪና የኋላ እግር፦ አርሞች፣ ዘንጎችና አስተካከላቸው

ኦቶክሮስ ኮን (ሾጣጣ የመንገድ ምልክት) በተደረደረበት ሰፊ አስፋልት ላይ የሚካሄድ የሰዓት ውድድር ነው። ቦታው ብዙውን ጊዜ የመኪና ማቆሚያ ወይም የቆየ የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ ነው። መኪኖች ተራ በተራ ይገባሉ። አንዱ ዙር በአብዛኛው ከ1 ደቂቃ ብዙም አይዘልም፤ ሰዓቱ ግን በሺኛ ሰከንድ ይቆጠራል። በአሜሪካ ስፖርቱን በስፋት የሚያካሂደው እ.ኤ.አ. በ1944 የተቋቋመው የአሜሪካ ስፖርት መኪና ክለብ፣ በአጭሩ ኤስሲሲኤ ነው። በእሱ ደንብ አንድ ኮን የመታ 2 ሰከንድ ይጨመርበታል። በብሪታንያ ኦቶክሮስ የሚባለው በሣርና በአፈር ሜዳ ላይ የሚደረገው ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ አስፋልቱ ነው።

ፍጥነቱ ያን ያህል አይደለም፤ ፋታ ግን የለም። መኪናው ወደ አንድ ጎን አጋድሎ ሳይረጋ ወደ ሌላው ይጠመዘዛል። የፊት ጎማ መሪውን ይከተላል። የኋላው ወዴት እንደሚሄድ የሚወስኑት ከሥር ያሉት አርሞች (ጎማውን ወይም አክስሉን ከቦዲው ጋር የሚያያይዙ ክንዶች) እና ዘንጎች ናቸው። ሞላ ክብደት ይሸከማል። ሾክ አብዞርበር የሞላውን መወዛወዝ ያበርዳል። አርሞቹ ደግሞ ጎማው ሲወጣና ሲወርድ የሚያልፍበትን መንገድ ይመሩታል። ብዙ ሰው ገንዘቡን መጀመሪያ ሞላና ስታቢላይዘር (የቦዲውን ማጋደል የሚቀንስ ብረት) ላይ ያፈሳል። በእኔ እምነት ይህ ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው። አርሞቹ ወደተሳሳተ አቅጣጫ የሚስቡትን ጎማ ጠንካራ ሞላ አያርመውም።

የኋላ እግር በጥቅሉ ሁለት ወገን ነው፤ ድፍን አክስል (ግራና ቀኝ ጎማን የሚያገናኝ አንድ ወጥ አካል) ያለውና ሁለቱ ጎማዎች ለየብቻ የሚንቀሳቀሱበት። በድፍን አክስል ቀላሉ ባሌስትራ ነው፤ ሞላም አርምም ሆኖ ይሠራል። ከ1979 እስከ 2004 የተሠሩት ፎርድ ማስታንጎች በአብዛኛው አራት አርም ነበራቸው። ከ2005 እስከ 2014 ያሉት ሦስት አርምና አክስሉን ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዝ አንድ ፓንሃርድ ዘንግ ይዘው መጡ። ከ1982 እስከ 2002 የተሠራው ካማሮ ደግሞ አክስሉ እንዳይጠማዘዝ የሚይዝ ቶርክ አርም የሚባል ረጅም ክንድ አለው። ለየብቻ በሚንቀሳቀሱት በኩል በኦቶክሮስ በጣም የተወደደችው ማዝዳ ሚያታ ናት። የመጀመሪያው ትውልዷ በየጎማው ላይና ታች አርም አለው።

ማዕዘን ከመለካት በፊት እግሩ በነጻነት መንቀሳቀሱን ማየት ያስፈልጋል። የአራት አርሙን ማስታንግ ጠጋ ብለን እንየው። ሁለቱ የላይ አርሞች ሰያፍ ናቸው፤ አክስሉን ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዙት እነሱ ናቸው። መኪናው ሲያጋድል እነዚህ አርሞች ጫፋቸው ላይ መጠምዘዝ አለባቸው። የፋብሪካው የጎማ ቡሺንግ (በአርሙ ጫፍ ውስጥ ያለው የላስቲክ ቀለበት) ይታገሳል። ባለቤቱ "ጠንከር ይበል" ብሎ ፖሊዩሪቴን በሚባል ከላስቲክ የጠነከረ ፕላስቲክ ሲቀይረው ግን መጠምዘዙ ይከለከላል። እግሩ ትንሽ ካጋደለ በኋላ ይነክስና ራሱ እንደ ስታቢላይዘር መሥራት ይጀምራል። ውጤቱን ሹፌሩ መሪው ላይ ያገኘዋል። መኪናው በደህና እየዞረ ሳለ ጭራው ድንገት ያመልጣል። ማስጠንቀቂያ የለውም። ለዚህ ነው በላይኞቹ አርሞች ላይ ለስላሳ ጎማ መተው ወይም በየአቅጣጫው የሚዞር የሉል መጋጠሚያ መግጠም የሚሻለው።

ፍተሻው ቀላል ነው። ሞላው ይወጣል፣ ስታቢላይዘሩና ሾክ አብዞርበሩ ይፈታል። ከዚያ አክስሉን አንድ ጎኑን ብቻ በክሪክ ከፍ ዝቅ ማድረግ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለ ትግል መሄድ አለበት። የሆነ ቦታ ላይ ከያዘ፣ ሌላ ማስተካከያ ሁሉ እዚያ ቆሞ ይጠብቅ። ሌላም ብዙዎች የሚዘሉት ነገር አለ። የጎማ ቡሺንግ ያለበት ቡሎን የመጨረሻ ማጥበቂያው መኪናው በጎማው ቆሞ ሳለ መሆን አለበት። ጎማው ተንጠልጥሎ ከጠበቀ፣ መኪናው ሲወርድ ቡሺንጉ ተጠምዝዞ ይቀራል። ያልታዘዘ ሞላ ይሆናል፤ ቶሎም ይቀደዳል።

ፓንሃርድ ዘንግ አንድ ጫፉ ከአክስሉ፣ ሌላው ከቦዲው ጋር ታስሮ መኪናውን በአግድም ያቋርጣል። አክስሉ ወደ ጎን እንዳይሄድ ይይዘዋል፤ ሆኖም ራሱ ቅስት እየሠራ ስለሚንቀሳቀስ ትንሽ መግፋቱ አይቀርም። 1,000 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ እንውሰድ። መኪናው ቆሞ ዘንጉ ለጥ ያለ ከሆነ፣ አክስሉ 50 ሚሊ ሜትር ሲወጣ ወደ ጎን የሚሄደው 1.25 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከመነሻው የአክስሉ ጫፍ በ50 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ከነበረ ግን፣ ያው የ50 ሚሊ ሜትር መውጣት አክስሉን ወደ 3.8 ሚሊ ሜትር ይገፋዋል። ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ስለዚህ ዘንጉ በተቻለ መጠን ረጅም ይሁን። ሹፌሩ ወንበሩ ላይ ተቀምጦም ዘንጉ ለጥ ማለት አለበት።

የዘንጉ ከፍታ ደግሞ ትልቅ የማስተካከያ መሣሪያ ነው። ዘንጉ የመኪናውን መሃል መስመር የሚያቋርጥበት ከፍታ የኋላው ሮል ሴንተር ይባላል፤ ቦዲው ሲያጋድል የሚዞርበት ነጥብ ነው። ከፍ ሲል በኩርባ ላይ ከኋላ ወደ ውጪኛው ጎማ የሚሄደው ክብደት ይበዛል፤ በሞላው ሳይሆን በቀጥታ በዘንጉ በኩል ይተላለፋል። ጭራው ቶሎ ይለቃል። ዝቅ ሲል የኋላ ጎማ መሬቱን ይጨብጣል፤ ቦዲው ግን ይበልጥ ያጋድላል። ባለብዙ ቀዳዳ ማሰሪያ የሚገጠመውም ለዚህ ነው፤ አንድ ቀዳዳ መውረድ ብቻውን የመኪናውን ጠባይ ይቀይራል። ጀምስ ዋት እ.ኤ.አ. በ1784 ለእንፋሎት ሞተር የፈጠራ መብት ያገኘበት ዋት ሊንኬጅም ያንኑ ሥራ ይሠራል። አክስሉን ከሞላ ጎደል ቀጥ አድርጎ ያወጣዋል፤ በግራና በቀኝ ኩርባም ጠባዩ አይለያይም። ዋጋው ክብደትና ብዙ መጋጠሚያ ነው።

ቀጥሎ የታችኞቹ አርሞች ከጎን ሲታዩ ያላቸው ማዕዘን ይመጣል። የፊተኛው ጫፍ ከኋለኛው ከፍ ካለ፣ መኪናው ሲያጋድል ውጪኛው ጎማ ወደ ኋላ፣ ውስጠኛው ወደ ፊት ይሸሻል። አክስሉ መሪ የተያዘለት ይመስል ወደ ኩርባው ውጪ ይዞራል፤ ጭራውን ያወጣዋል። የፊተኛው ጫፍ ዝቅ ካለ ተቃራኒው ይሆናል። መኪናው የተረጋጋ፣ ግን ለመዞር የሚለግም ይሆናል። በአጭር ሞላ ዝቅ የተደረገ መኪና ላይ የሚደርሰው ይኼ ነው። ቦዲው ሲወርድ የአርሞቹ የፊት ጫፍ አብሮ ይወርዳል።

ከዚህ ማዕዘን ጋር አንቲ-ስኳት የሚባለውም ይሄዳል። ነዳጅ ሲሰጥ ክብደት ወደ ኋላ ይሄድና ጭራው ቁጭ ይላል። አርሞቹ ይህን ምን ያህል እንደሚቃወሙ በመቶኛ ይነገራል። 100 በመቶ ሲሆን በክብደት ሽግግሩ ሞላው አይታመቅም። ዝቅ የተደረገ መኪና ይህን ያጣል፤ መድኃኒቱ አርሙን አክስሉ ላይ ዝቅ አድርጎ የሚያስረው ማሰሪያ ነው። ከልክ ማለፍ ግን አለ። በጣም ሲበዛ፣ ፍሬን በተያዘ ቁጥር የኋላ አክስሉ መዝለል ይጀምራል። ኦቶክሮስ ደግሞ እየዞሩ ፍሬን የሚያዝበት ውድድር ነው። ከኮን ሲወጣ የተገኘው ጥቅም ወደሚቀጥለው ሲገባ ይከፈላል።

ለየብቻ በሚንቀሳቀስ እግር ላይ ዋናው ጉዳይ ቶ፣ ማለትም ጎማዎቹ ከላይ ሲታዩ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጪ የሚያዩበት ልክ ነው። ጎማዎቹ በፊት በኩል ወደ ውስጥ ከተያዩ መኪናው ይረጋጋል። ወደ ውጪ ካዩ ጭራው በቀላሉ ይዞራል፤ በፊት ጎማ የሚነዱ መኪኖች ላይ ሆን ተብሎ የሚደረገውም ይህ ነው። ቆሞ የተለካው ቁጥር ግን ግማሽ ታሪክ ነው። ሞላው ወጥቶ ጎማው በክሪክ 10፣ 10 ሚሊ ሜትር እየተነሳ ቶው ሲለካ እውነቱ ይወጣል። ጎማው ሲወጣ ወደ ውጪ የሚያይ ከሆነ፣ የቶ ዘንጉ የአንዱ ጫፍ ከፍታ በስስ ሺም (በሥር በሚገባ ስስ ብረት) ይስተካከላል።

የሚረዝሙና የሚያጥሩ ዘንጎች አንድ ጫፋቸው የቀኝ፣ ሌላው የግራ ጥርስ አለው። ስለዚህ ሳይፈቱ በቦታቸው ይዞራሉ። ስንት ዙር እንደዞሩ ይጻፍ። መቆለፊያ ዳዶውም ይጥበቅ።

ሜዳ ላይ መሞከሩ ከባዱ ነው። በአንድ ቀን የሚገኘው ዙር ጥቂት ነው፤ ሹፌሩም መንገዱን እየለመደ በየዙሩ ይፈጥናል። የተሻለው ሰዓት ከዘንጉ ይሁን ከሹፌሩ ወይም ከሞቀው ጎማ መለየት ያቅታል። የሚታመነው ዘዴ አንድ ነገር ብቻ ቀይሮ መሮጥ፣ ከዚያ ወደ ድሮው መልሶ እንደገና መሮጥ ነው። መኪናው የቱ ጋ እንዳስቸገረ መለየትም ይረዳል። ኩርባው መሃል ላይ ከሆነ ሮል ሴንተሩን፣ ነዳጅ ሲሰጥ ከሆነ የታችኛውን አርም፣ ፍሬን ሲያዝ ከሆነ አንቲ-ስኳቱን ማየት ነው።

ይህ ሁሉ በየምድቡ አይፈቀድም። ለፋብሪካው ይዞታ በሚቀርቡት የኤስሲሲኤ ምድቦች አርም መቀየርም ማሰሪያ መጨመርም ክልክል ነው። እዚያ የሚቀረው በፋብሪካው ማስተካከያ ልክ ቶና ካምበርን (ጎማው ከፊት ሲታይ ወደ ጎን ያዘነበለበትን ልክ) ማዞር፣ ያረጀ ቡሺንግን በራሱ ዓይነት አዲስ መተካት፣ ቡሎኖቹንም መኪናው በጎማው ቆሞ ማጥበቅ ነው።