የፖምና የፒር ተባዮች፣ የተፈጥሮ ጠላቶቻቸውም

ፒያሳ ላይ ፖም የሚገዛ ሰው ፍሬውን አገላብጦ የሚያየው ቀዳዳ ፍለጋ ነው። ነጋዴው ደግሞ በጨርቅ ወልውሎ ያብለጨልጨዋል። አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. ከአራዳ ተነሥቶ ወደ ጃንሜዳ ቢዛወርም፣ የፍራፍሬ ጋሪ ከመሃል አዲስ አበባ አልጠፋም፤ ባሕር ተሻግሮ የመጣው ትልቁ ፖምና ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻ የወረደው ትንሹ ፖም ገዢ ይሻማሉ። ሁለቱም ከተባይ ያመለጡ ናቸው። ጥያቄው በምን አመለጡ የሚለው ነው።

አንዱ መንገድ ሥነ ሕይወታዊ ቁጥጥር ነው፤ ተባዩን በሚበላው፣ በሚያሳምመው ወይም ሆዱ ውስጥ በሚያድግ ሌላ ፍጡር ማዳከም። ማዳከም እንጂ ማጥፋት አይደለም፤ ተባዩ ፈጽሞ ካለቀ አዳኙም ይራባል።

በዓለም የፖም እርሻዎች ለዚያ ቀዳዳ ዋነኛው ተጠያቂ የኮድሊንግ የእሳት ራት ትል ነው። ከእንቁላሉ በወጣ በሰዓታት ውስጥ ፍሬውን በስቶ ወደ ዘሩ ያመራል፤ ከገባ በኋላ መርጨት ከንቱ ድካም ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ሜክሲኮ ውስጥ ከታመሙ ትሎች የተገኘው ግራኑሎቫይረስ ይህን አጭር ጊዜ ይጠቀማል፤ ትሉ ከፍሬው ቆዳ ላይ ቫይረሱን በልቶ ይሞታል። ቫይረሱ ከዚህ ትልና ከጥቂት ዘመዶቹ በቀር ሌላ አይነካም። ሁለት ደካማ ጎኖች ግን አሉት፦ ፀሐይ ቶሎ ስለምታከስመው ደጋግሞ መርጨት ያስፈልጋል፤ ትሉም ከመሞቱ በፊት አንዳንዴ ቆዳውን ስለሚጭር የመርፌ ጫፍ የምታህል ጠባሳ ትቀራለች። የከተማ ገዢ ይህችን ጠባሳ አይምርም፤ እኔ ግን ብዙ መርዝ የጠጣ ለስላሳ ፖም ይበልጥ ያሳስበኛል። በአውሮፓ ቫይረሱን የሚቋቋሙ ትሎች ስለተገኙም ሌሎች የቫይረሱ ዝርያዎች ተመርጠው በሥራ ላይ ውለዋል።

ወዳጅን ከጠላት ያልለየ መርዝ የሚያስከትለውን ጣጣ ከቀይ ሸረሪት በላይ የሚያሳይ የለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዲዲቲ በፖም እርሻዎች ላይ ሲረጭ ይህችን ጥቃቅን ቅጠል መጣጭ በቁጥጥር ሥር ያደረጉ አዳኞች አለቁ፤ ቀድሞ ብዙም ያላስቸገረችው ሸረሪት ዋና ተባይ ሆና አረፈችው። ዛሬ ቲፍሎድሮመስ ፓይሪ የተባለው አዳኝ በብዙ እርሻዎች ጥበቃ የሚደረግለት ለዚህ ነው።

የፖም ዘመድ በሆነው ፒር ላይ የሚያስቸግረው ፒር ሲላ የተባለው ጭማቂ መጣጭ ነው። ከእሱ የሚወጣው ጣፋጭ ፈሳሽ ጥቁር ሻጋታ ያበቅላል። አንቶኮሪስ የተባለ ትንሽ ትኋን መሰል ነፍሳት እንቁላሉንና እጩን ይበላበታል፤ በእርሻው ዳር ያለው ቁጥቋጦ ካልተመነጠረ ራሱ ይመጣል።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን አፌሊነስ ማሊ ነው፤ ቁመቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ጥቁር ተርብ። የፖም ቅርንጫፍ ላይ ነጭ ጥጥ የተለጠፈ ከመሰለ፣ ከጥጡ ሥር ክሽክሽ የተባለው ጭማቂ መጣጭ ተባይ አለ። ክሽክሹ ከሰሜን አሜሪካ ከችግኝ ጋር ዓለምን ሲዞር ተርቡ እዚያው ቀርቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ ኒውዚላንድ ተርቡን አስመጥታ ለቀቀችው። ሴቷ በክሽክሹ ገላ ውስጥ እንቁላል ትጥላለች፤ እጩ ከውስጥ ይበላዋል፤ ክሽክሹ ጥጡን ያጣና ጠቁሮ ይደርቃል፤ አዲሱ ተርብ በጀርባው ክብ ቀዳዳ ከፍቶ ይወጣል። ከአፈር በታች ሥር ላይ የሰፈረውን ክሽክሽ ግን አይደርስበትም፤ ስለዚህ እንግሊዝ አገር ክሽክሹን የሚቋቋሙ የሥር ዝርያዎች ተዳቅለው የፖም ቅርንጫፍ የሚከተብባቸው ግንዶች ሆነው ቀርበዋል። ተርቡን ለማዛመት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ገበሬዎች ጥቋቁር የደረቁ ክሽክሾች ያሉበትን ጭራሮ ቆርጠው ጥጥ በለበሰው ዛፍ ላይ ያስሩታል።