«ማንም ይነቀንቀዋል» እና ስለ ምዕራብ አፍሪካ ቅሎች የሚባሉ ሌሎች ስሕተቶች

የምዕራብ አፍሪካን ከበሮ ለመማር የሚመጣ አዲስ ተማሪ፣ በተለይ የአገሬ ልጅ፣ ከበሮው ቀርቶ በዶቃ መረብ የተሸፈነ ቅል ሲሰጠው ፊቱ ይለወጣል። «ይህንንማ ማንም ይነቀንቀዋል» ይላል። ከበሮ ለማይችሉ ሰዎች የሚሰጥ ማጽናኛ አድርጎ ያየዋል፤ ወላጆችም «ልጄን ለምን ከበሮ አላስያዝከውም?» ብለው ይቆጣሉ። ይህን ንግግር መስማት ስለሰለቸኝ መልሱን በጽሑፍ ማስቀመጥ ፈለግሁ።

ማንም ሊነቀንቀው መቻሉ እውነት ነው። መጫወት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከበሮ እጅ ካላረፈበት ዝም ይላል። ቅሉ ግን ሲወርድ ይጮኻል፣ ሲመለስ ይጮኻል፣ እጃችሁ ሊያርፍ ሲልም ዶቃዎቹ ይንሸራተቱና ያልታዘዙትን ድምፅ ይጨምራሉ። ስለዚህ የጀማሪው ትልቁ ሥራ ያልፈለገውን ድምፅ ማስቀረት ነው። ይህን ሥራ ደግሞ ከበሮ አያስተምርም።

አኻትሴን እንውሰድ። አኻትሴ በጋና የቮልታ ክልል፣ በቶጎና በቤኒን የሚኖሩት የኤዌ ሕዝቦች ቅል ነው። ተጫዋቹ ተቀምጦ አንገቱን በአንድ እጁ ይይዛል፤ ቅሉን ወደ ታች ሲያወርድ ጭኑን ይመታል፣ ወደ ላይ ሲያነሣ ከላይ የተዘረጋውን የሌላኛውን እጁን መዳፍ ይመታል። ታችኛው «ፓ»፣ ላይኛው «ቲ» ተብሎ ይቆጠራል። አግባጃ በሚባለው የኤዌ ጭፈራ ዑደቱ 12 ትንንሽ ምቶች አሉት። ጋንኮጉዊ የተባለው ባለ ሁለት አፍ የብረት ደወል ከ12ቱ 7ቱን ይመታል። አኻትሴው በ7ቱ ላይ «ፓ» እያለ ደወሉን ይከተላል፣ በመካከል 4 ጊዜ «ቲ» ይላል፦

ፓ — ፓ ቲ ፓ ፓ ቲ ፓ ቲ ፓ ቲ ፓ

ሰረዟን አስተውሉ። ሁለተኛዋ ምት ባዶ ናት፤ በጠቅላላው ዑደት ውስጥ ያለችው ዝምታ እርሷ ብቻ ናት። ጀማሪ ሁሉ የሚወድቀው እዚያች ላይ ነው። እጁ መውረድና መውጣትን ስለለመደ በባዶዋ ቦታ «ቲ» ያስገባል፤ ወይም ቅሉን ከጭኑ ቀደም ብሎ ያነሣና ዶቃዎቹ «ሽሽሽ» ብለው ቦታዋን ይሞሉታል። በዚያች ቅጽበት ዑደቱ መነሻውን ያጣል፤ ሰሚው የት እንደተጀመረ ማወቅ ይሳነዋል።

በሰንበት ትምህርት ቤት ለዓመታት ከበሮ ሲመታ ያደገ አንድ ተማሪ ነበረኝ። እጁ ጠንካራ፣ ጆሮው ንጹሕ ነው። ቅሉን ስሰጠው ቅር አለው፤ በትሕትና ተቀበለኝ እንጂ። 7ቱን «ፓ» ወዲያውኑ ያዛቸው፤ ያችን አንዲት ዝምታ ግን ለሳምንታት ማለፍ አቃተው። የረዳው ምክር ቀላል ነበር፦ ከመጀመሪያው «ፓ» በኋላ ቅሉን አታንሣ፤ ክብደቱን ጭንህ ላይ ጣለው፣ ዶቃዎቹ በቅሉና በጭንህ መካከል ተጨፍልቀው ዝም እስኪሉ ጠብቅ፣ ከዚያ አንሣው። ይህን ሲይዝ ከበሮው ራሱ ተሻሻለ፣ ምክንያቱም በምቶቹ መካከል ያለውን ቦታ መስማት ጀመረ።

ከዚያ በላይ ደግሞ ኃላፊነቱ አለ። ዋናው ከበሮ መሪ ነው፤ ከጨፋሪዎቹ ጋር እየተነጋገረ ከመደበኛው ምት ይወጣል፣ ይመለሳል። እርሱ እንዲህ ነፃ መሆን የሚችለው ደወሉና ቅሉ ከምታቸው ንቅንቅ ስለማይሉ ነው። ቅል የያዘ ሰው ሲሳሳት ሁሉም ይሳሳታል። ለጀማሪ ብዙ ጊዜ ቅል የሚሰጠው ዑደቱን በሰውነቱ እንዲያውቅ እንጂ ጉዳት የማያደርስበት ቦታ ስለሆነ አይደለም።

አሁን ወደ ሌሎቹ ስሕተቶች።

«ውስጡ ፍሬ አለ።» የአኻትሴም ሆነ የዮሩባ ሕዝብ ቅል የሆነው የሸከሬ ውስጡ ባዶ ነው። ድምፁ የሚመጣው ከውጭ ካለው መረብ ነው፤ ዶቃው፣ ዘሩ ወይም ዛጎሉ በክር ተሰክቶ የቅሉን ቆዳ ይመታል፣ ባዶው ሆድ ያጎላዋል። ስለዚህ አዲስ ሸከሬ ገዝቶ ጆሮ ላይ እያስጠጉ «ፍሬው ያነሰ ይመስላል» ማለት አያስፈልግም። ስትገዙ የምታዩት መረቡን ነው። በጣም ከተወጠረ ድምፁ ይታፈናል፣ በጣም ከላላ ዶቃው ከእጃችሁ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ጀማሪን የሚያደናግረው ሁለተኛው ነው። ውስጡ ፍሬ ያለው ካሺሺ ነው፤ ተሸምኖ የተሠራ ትንሽ ቅርጫት ሆኖ መቀመጫው ከቅል የተቆረጠ ጠፍጣፋ ክብ ነው። ፍሬዎቹ ቅሉን ሲመቱ ስል፣ የቅርጫቱን ጎን ሲመቱ ለስላሳ ድምፅ ይሰጣል።

«ሁሉም ሸከሬ ነው።» አይደለም። ሸከሬ የናይጄሪያዎቹ ዮሩባዎች ነው፤ ከአኻትሴ ብዙ ጊዜ ይተልቃል፣ በሁለት እጅ ይያዛል፣ ታችኛው ሆዱ በመዳፍ ሲመታ ጥልቅ የከበሮ ድምፅ ያወጣል። በባርነት ዘመን ተሻግሮ በኩባና በብራዚል ዛሬም ይጫወቱታል፤ የናይጄሪያዊው ሙዚቀኛ የፌላ ኩቲ የአፍሮቢት ባንድም ያለ እርሱ አይታሰብም ነበር። በሴራሊዮንና በላይቤሪያ በኩል ደግሞ የመረቡ ክር እንደ ጅራት ወርዶ በሌላው እጅ የሚያዝበት ዓይነት አለ፤ ድምፁ በመነቅነቅና ጅራቱን በመወጠር ይፈጠራል። የአንዱን አያያዝ ይዞ ወደ ሌላው መሄድ መጥፎ ልማድ ያስተክላል። አንዱን ምረጡና በእርሱ ቆዩ።

«ከጸናጽል ጋር አንድ ነው።» ጸናጽል በብረት ዘንጎች ላይ የሚንሸራተቱ ቅጠሎች አሉት፤ ከመቋሚያና ከከበሮ ጋር በማሕሌት የሚሠራው ሥራ የራሱ ሥርዓት አለው። ድምፁ እንዲንጠባጠብና እንዲቆይ ይፈለጋል። አኻትሴ ተቃራኒውን ይጠይቃል፤ ድምፁ ተነሥቶ ወዲያው መቆረጥ አለበት። የጸናጽል እጅ ያለው ሰው አንጓው ለስላሳ ስለሆነ ይጠቅመዋል፣ ማሳረፉን ግን እንደ አዲስ ይማራል።

«በጉልበት መንቀጥቀጥ አለበት።» የለበትም። ማግስቱን ጭኑ የበለዘ ተማሪ አጥብቆ የያዘ ተማሪ ነው።

«አፍሪካዊ ስለሆንኩ ምቱ በደሜ አለ።» ይህን የሚሉኝ ሰዎች ቅን ናቸው፤ ነገር ግን ደም ምት አያውቅም፣ ጆሮ ነው የሚያውቀው። የእኛ ጆሮ በችክችካ ስላደገ ሦስት ሦስት እየተባለ የሚሄደውን ምት ቶሎ ይለያል፤ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። እንቅፋትም አለው። ተማሪዎቼ አግባጃን ሲጫወቱ ሳያውቁት ማጠንከሪያውን ወደለመዱት ቦታ ይስቡታል፣ ደወሉም ከሥራቸው ይሸሻል። መድኃኒቱ እግር ነው። 12ቱን በአራት ከፍላችሁ፣ በየሦስቱ መነሻ ላይ ተረከዛችሁን መሬት አስነኩ። እግሩ ሳይረጋ ቅሉን አታንሡ። መጀመሪያ «ፓ»ና «ቲ»ን በአፋችሁ ብቻ በሉት፣ ቀጥሎ በባዶ እጅ ጭንና መዳፍ እየመታችሁ፣ በመጨረሻ በቅሉ። በስልካችሁ ቅዱና አድምጡ፤ ስትጫወቱ ያልሰማችሁት «ሽሽሽ» ሁሉ እዚያ ይጠብቃችኋል። መደገፊያ ክንድ በሌለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ፍጥነት የሚጨመረው ባዶዋ ምት ባዶ ስትሆን ብቻ ነው።

«ሁለቱ ኳሶች የልጆች መጫወቻ ናቸው።» በክር የተያያዙትን ሁለት ትንንሽ ኳሶች፣ አሳላቶ ወይም ካሻካ የሚባሉትን ማለታቸው ነው። በጋና ልጆች ይጫወቱባቸዋል፣ እውነት ነው፤ ጥሩ አድርገው ይጫወቱባቸዋል። አንዱ ኳስ መዳፍ ውስጥ ሆኖ ይንኮሻኮሻል፣ ሌላው በክሩ ዞሮ ሲገጨው «ቋ» ይላል። በአንድ እጅ ሁለት ድምፅ፣ በሁለት እጅ ሁለት የተለያዩ ምቶች ማለት ነው። ክሩ በሌባ ጣትና በመካከለኛው ጣት መካከል ይለፍ፤ ኳሱን አትወርውሩት፣ በአንጓ መዞር ብቻ ይሂድ። በደካማው እጃችሁ ጀምሩ፤ ጠንካራው በኋላ ይደርሳል። ባህላዊዎቹ ኳሶች በሳይንሳዊ ስሙ ኦንኮባ ስፒኖሳ ከተባለ ዛፍ ፍሬ ቅርፊት ይሠራሉ፤ ዛፉ በእኛም አገር ይበቅላል።

«የፕላስቲክ ከሆነ አይረባም።» ለመማር ይረባል፤ አይሰነጠቅም፣ ዋጋውም ቀላል ነው። የቅሉን ጥልቅ ድምፅ ግን አትጠብቁበት።

«ግራኝ በቀኝ መጫወት አለበት።» በሚመቸው እጅ ይያዝ።

«ቅል ነው፣ ይታጠባል።» አይታጠብም። እርጥበት ያሻግተዋል፣ የጥጥ ክሩንም ያበሰብሰዋል። በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም በአሜሪካ በጋ መኪና ውስጥ ትታችሁት አትሂዱ፤ ሙቀቱ ሊሰነጥቀው ይችላል። ስታስቀምጡትም በመረቡ አታንጠልጥሉት፤ ክሩ ይለጠጥና ዶቃዎቹ ከእጃችሁ እየዘገዩ መድረስ ይጀምራሉ።